የሰዕድ ሁለት ሴት ልጆች

«ሴት ልጅ የአባቷን መሬት አትካፈልም» የሚል ዛሬም አይጠፋም። በጃሂሊያው ዘመን መዲናም እንዲሁ ነበር፤ ውርስ ጦር ለሚሸከም ወንድ ነው።

ከአንሷሮች ባለጸጋ የነበረው ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) በ3ኛው ዓመተ ሂጅራ ኡሁድ ላይ ሸሂድ ሲሆን፣ ወንድሙ ንብረቱን ጥርግ አድርጎ ወሰደ። ባለቤቱ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ መጣች። ያለ ንብረት የሚያገባቸው እንደማይኖር ተናገረች። የውርስ አንቀጽ (አን-ኒሳእ 11) ወረደ። ነቢዩም አጎትየውን አስጠርተው ለልጆቹ ሁለት ሦስተኛ፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛ እንዲሰጥ አዘዙት።

ሀብቱ 24 የተምር ዛፍ ነው እንበል፦ 16ቱ የልጆቹ፣ 3ቱ የእናታቸው ይሆናል። ልብ በሉ፣ ሁሉንም ወስዶ ለነበረው አጎት የሚደርሰው 5 ብቻ ነው፤ እሱም እነሱ ድርሻቸውን ካነሱ በኋላ።