ባታ ከበሮ ወደ ትምህርት አዳራሽ የገባበት ታሪክ

በ1937 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በግንቦት ወር፥ በኩባ ዋና ከተማ በሐቫና፥ ካምፖአሞር በተባለው ቴያትር ቤት ውስጥ አንድ ያልተለመደ ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ፈርናንዶ ኦርቲስ የተባሉት ሊቅ፥ ከዮሩባ ነገድ የተወለዱ ጥቁሮች በኩባ ጠብቀው ስላቈዩት የአምልኮ ሙዚቃ ንግግር አደረጉ። ፓብሎ ሮቼ፥ አጉኤዶ ሞራሌስና ኼሱስ ፔሬስ የተባሉት ሦስት ሰዎች ደግሞ ባታ የሚባሉትን ከበሮዎች በጭናቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። ሊቁ በቃል ያስረዱትን እነርሱ በእጃቸው አሰሙት። ባታ ከአምልኮ ሥርዐት ውጭ፥ በተማሩ ሰዎች ጉባኤ ፊት ሲሰማ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ለዛሬው አንባቢ ነገሩ ተራ ሊመስለው ይችል ይሆናል። ነገር ግን በኩባ ባርነት የቀረው በ1886 ዓ.ም. ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ደግሞ የሐቫና ከንቲባ ከአፍሪካ የመጣ ከበሮ በከተማው ስብሰባዎች እንዳይመታ ከልክሎ ነበር። ይልቁንም የሚያስደንቀው የኦርቲስ የራሳቸው ታሪክ ነው። በ1906 ዓ.ም. ገና ወጣት ሳሉ ባሳተሙት መጽሐፍ የጥቁሮቹን አምልኮ የተመለከቱት በወንጀል መርማሪ ዐይን ነበር፤ ለመቅድም የሚሆነውንም ደብዳቤ የጻፈላቸው ቼዛሬ ሎምብሮዞ የተባለው ኢጣልያዊ የወንጀል ሊቅ ነው። በዚያን ጊዜ እንዲጠፋ የመከሩትን ነገር ከ31 ዓመት በኋላ በክብር አቀረቡት። ይህን በአደባባይ ለማድረግ መድፈራቸውን ከመጽሐፎቻቸው ሁሉ አብልጠን እንወድላቸዋለን።

የከበሮዎቹ የትውልድ ታሪክም መነገር ይገባዋል። ሽማግሌዎች ለኦርቲስ እንዳወሩላቸው፥ በ1830 ዓ.ም. ገደማ አኛቢ የተባለ አንድ ባርያ እግሩ ተሰብሮ በሕክምና ላይ ሳለ የባታ ድምፅ ሰማ። ቀርቦም ሲመረምር ከበሮዎቹ በሥርዐቱ ያልተባረኩ መሆናቸውን ተረዳ። ከዚህ በኋላ አታንዳ ከተባለ የአገሩ ሰው ጋር ሆኖ፥ በትውልድ አገራቸው እንደሚደረገው ግንድ ፈልፍለው፥ ቆዳ ወጥረው፥ በኩባ ምድር የመጀመሪያውን የተባረከ ባታ ሠሩ ይባላል። በእንዲህ ያለ ከበሮ ውስጥ አኛ የሚባል መንፈስ ያድራል ብለው ስለሚያምኑ፥ ቃለ መሐላ ካልፈጸመ በቀር ማንም አይነካውም፤ ለትርኢትም አይወጣም።

እንግዲህ በ1937 ዓ.ም. መልስ የሚያሻው ከባድ ጥያቄ ይህ ነበር፤ የተከለከለውን ሳይደፍሩ እንዴት አድርጎ ማስተማር ይቻላል? የተገኘው መፍትሔ፥ ሥርዐተ ቡራኬ ያልተፈጸመባቸውን ከበሮዎች ለጉባኤው ማዘጋጀት ነው። ቅርጻቸውም ሆነ ምታቸው ያው ሆኖ፥ የጎደላቸው ቡራኬው ብቻ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ማታለል ነው ሊል ይችላል፤ እኛ ግን ለአማኙም ለተማሪውም አክብሮት ያለው ሥራ ይመስለናል። ያለዚያ ወይ ከበሮው ከነምስጢሩ ተደብቆ ይቀር፥ ወይም መቺዎቹ እምነታቸውን ለመሸጥ ይገደዱ ነበር።

ባታ ሦስት ነው። እያንዳንዱ ወገቡ ቀጠን ያለ፥ በሁለቱ አፎቹ ቆዳ የተወጠረበት፥ አንደኛው አፍ ከሁለተኛው የሚሰፋ ነው። ትልቁ ኢያ ይባላል፤ ትርጓሜውም እናት ማለት ነው፤ በአፎቹ ዙሪያ ትናንሽ ቃጭሎች ይታሰሩበታል። መካከለኛው ኢቶቴሌ፥ ትንሹ ኦኮንኮሎ ነው። ትንሹ የተሰጠውን ምት ሳያዛንፍ ይደጋግማል፤ እናቲቱ ትጣራለች፤ መካከለኛው ይመልስላታል። የዮሩባ ቋንቋ የቃሉ ፍች በድምፁ ከፍታና ዝቅታ የሚለይ በመሆኑ፥ ኢያ የጸሎቱን ቃል አነጋገር ተከትላ መናገር ትችላለች። በኖታ የሠለጠነ ተማሪ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ሦስቱን ለየብቻቸው ጽፎ ሲያጠና እያንዳንዱ ቀላል ይመስለዋል፤ አንድ ላይ ሲመቱ ግን የምቱ መነሻ ከጆሮው ይጠፋል። ዜማው የሚፈጠረው በሦስቱ መካከል ስለ ሆነ፥ ብቻውን ያጠና ሰው ገና ከደጃፉ አልገባም። በአገራችን በአቋቋም ትምህርት ቤት ያለፉ አንባቢዎቻችን ይህ አይከብዳቸውም፤ ከበሮን ከመምህር እጅ እንጂ ከመጽሐፍ ብቻ እንደማይማሩት ያውቃሉና።

ስለዚህም በዚያ መድረክ ላይ መምህሩ ማን ነበር? ብለን ብንጠይቅ፥ ኦርቲስ ብቻ ናቸው ማለት አንችልም። ኦኪላክፓ፥ ማለትም ባለ ብርቱ ክንድ፥ ተብለው የሚጠሩት ፓብሎ ሮቼ የዩኒቨርሲቲ ወንበር አልነበራቸውም፤ ነገር ግን ሊቁ ራሳቸው ከእርሳቸው ይማሩ ነበር። ኦርቲስ ከ1952 እስከ 1955 ዓ.ም. ስለ አፍሮ ኩባ የሙዚቃ መሣሪያዎች ባሳተሟቸው አምስት ቅጾች ውስጥ ያለው ዕውቀት በብዙ በኩል የእንዲህ ያሉ ሰዎች ዕውቀት ነው። በመጽሐፉ ሽፋን ላይ የምናገኘው ስም ግን አንድ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ መንገዱ ሰፋ። ከማታንሳስ ከተማ የወጡት ፍራንሲስኮ አጉዋቤላ በ1950ዎቹ ከካትሪን ደንሃም የውዝዋዜ ጓድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው፥ በኋላ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አስተማሩ። የኩባ ምት በአሜሪካ ለሙዚቃ ትምህርት የሄደውን የአገራችንን ልጅም ደርሶታል፤ ሙላቱ አስታጥቄ በ1966 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ያሳተሟቸው ሁለት ሸክላዎች «አፍሮ ላቲን ሶል» የሚል ስም ያላቸው በዚሁ ምክንያት ነው።

በኩባም በ1962 ዓ.ም. ብሔራዊው የባህል ጓድ፥ ኮንኹንቶ ፎልክሎሪኮ ናሲዮናል፥ ተቋቋመ። ሮኼልዮ ማርቲኔስ ፉሬ የተባሉት ሊቅና ሮዶልፎ ሬየስ የተባሉት የሜክሲኮ የውዝዋዜ ባለሙያ ሲመሠርቱት፥ አምልኮውንና ሙዚቃውን ከነሥሩ የሚያውቁ አረጋውያንን ሰበሰቡ። በዚህ ጊዜ ወጣቶቹን የሚያሠለጥነው ሰው ከተናጋሪ ጎን ተቀምጦ ምሳሌ የሚያሳይ ሳይሆን ራሱ መምህር ተብሎ የተቀጠረ ሆነ። ከእነዚህም መምህራን አንዱ፥ ከ25 ዓመት በፊት በካምፖአሞር መድረክ ከፓብሎ ሮቼ አጠገብ ከበሮውን በጭኑ ይዞ የተቀመጠው ወጣት፥ ኼሱስ ፔሬስ ነበሩ።