ባቡር ድንበር ሲሻገር



አውሮፕላን አገርን ከላይ ያልፋል፤ ባቡር ግን በመንገዱ ያለውን አገር ሁሉ ረግጦ ነው የሚሄደው። ነገሩ ለማንም ግልጽ ይመስላል። ለእኔ በቅጡ የገባኝ ግን ሞስኮ የምህንድስና ተማሪ ሳለሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 ክረምት ከአንድ ኢትዮጵያዊ ጓደኛዬ ጋር በባቡር ወደ በርሊን ስጓዝ ነው።

መንገዱ ቤላሩስንና ፖላንድን ያቋርጣል። የቤላሩስ ድንበር ከተማ ብሬስት ስንደርስ ባቡሩ አንድ ትልቅ አዳራሽ ገባ። በቀድሞዋ ሶቪየት ኅብረት አገሮች የሐዲዱ ስፋት 1520 ሚሊ ሜትር ሲሆን በፖላንድና በጀርመን ግን 1435 ነው። በ85 ሚሊ ሜትር ልዩነት የተነሣ በዚያው መንኰራኩር መቀጠል አይቻልም። ስለዚህ መንገደኛው ውስጥ እንደተቀመጠ ፉርጎው በክሪክ ወደ ላይ ይነሣል፤ መንኰራኩሮቹን የተሸከመው የብረት ጋሪ ከሥር ተስቦ ይወጣና በሌላ ይተካል። ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዓይኔን ከመስኮቱ መንቀል አልቻልኩም።

የቡግን ወንዝ ተሻግረን ቴሬስፖል እንደደረስን የፖላንድ ድንበር ጠባቂዎች ገቡ። ሁለታችንም የጀርመን ቪዛና የቤላሩስ መሸጋገሪያ ቪዛ ነበረን። የፖላንድ መሸጋገሪያ ቪዛ የያዝኩት ግን እኔ ብቻ ነበርኩ። ጓደኛዬ «ፖላንድ ውስጥ አልወርድ፣ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ትቶት ነበር። ሻንጣውን ይዞ እንዲወርድ ተደረገ፤ ወደ ብሬስትም መለሱት። ሰባት ዓመት ያልተያዩት ታላቅ ወንድሙ በርሊን ጣቢያ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ከፉርጎው የወረድኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አጥብቄ አለመናገሬ ዛሬም ይቆጨኛል።

ፖላንድ በ2007 መጨረሻ የሸንገን ስምምነትን ተግባራዊ ስላደረገች አሁን አንድ የሸንገን ቪዛ ለሁለቱም አገሮች ያገለግላል። የሞስኮና የበርሊኑ ቀጥታ ባቡርም በ2020 ቆሟል። ትምህርቱ ግን አላረጀም። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት፦

1. ባቡሩ የሚያልፍባቸውን አገሮች ሁሉ፣ የማይቆምባቸውንም ጭምር፣ ዘርዝራችሁ የእያንዳንዱን የቪዛ ሕግ ጠይቁ።

2. ጉዞው ደርሶ መልስ ከሆነ የመሸጋገሪያው ቪዛ ሁለት ጊዜ መግባት የሚፈቅድ መሆኑን አረጋግጡ።

3. ቁጥጥሩ የት እንደሚደረግ እወቁ። ለምሳሌ ከፓሪስ ወደ ሎንዶን ለሚሄድ ሰው የእንግሊዝ ቁጥጥር የሚደረገው ገና ፓሪስ ጣቢያ ውስጥ ነው፤ የሸንገን ቪዛም ለእንግሊዝ አያገለግልም።

4. በሸንገን አገሮች መካከልም ቢሆን ፓስፖርታችሁና የመኖሪያ ፈቃዳችሁ ከእጃችሁ አይለይ። ጀርመን በ2023 በፖላንድ ድንበር ላይ ቁጥጥር መልሳ ጀምራለች።

ለፉርጎው ድንበር ላይ መንኰራኩር ይቀይሩለታል፤ ለመንገደኛው ግን የጎደለውን ወረቀት የሚሞላለት የለም።

መልካም መንገድ።