ስለ ቤተ ሰብ፥ ስለ ሃይማኖትና ስለ መንግሥት

በአዲስ አበባ፥ ካዛንቺስ በሚባለው ሰፈር፥ ቡና የማይጠጣ ጎረቤት መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። ቡና ተፈልቶ «ጠጡ» ሲባል እንቢ የሚል ሰው ወይ ታሟል፥ ወይ ኮርቷል፥ ወይ ተቀይሟል ይባላል። እኔ አልታመምሁም፥ አልኮራሁም፥ የተቀየምሁትም ሰው አልነበረም፤ ሕዝብ ሞርሞን እያለ በሚጠራው፥ ሙሉ ስሙም የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን በሆነው እምነት ገብቼ ነው እንጂ። በአገራችን ቁጥራችን ጥቂት ስለ ሆነ፥ ወጣት አንባቢዬ ስማችንን ሰምቶ ባያውቅ አይፈረድበትም። በዚህ ጽሑፍ የውጭውን አገር ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር፥ የአገራችንን ግን በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው መሥሪያ ቤት ምሕጻረ ስም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፥ የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ከአገር ሲወጣ ቤቱም ስሙም ለእኛ ቀረ። እናቴ በዚያ ሰፈር ኖረች፤ በቤቷ ቡና ሲፈላ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥም የታመመው ይጠየቃል፥ የተጣላው ይታረቃል፥ የሚዳረው ይመከርለታል። እኔ ባዶ እጄን ከረከቦቱ አጠገብ ስቀመጥ ለእናቴ ታላቅ ኀፍረት ነበር።

ምክንያቱን ነገርኋት። የእምነታችን መሥራች ጆሴፍ ስሚዝ በ1833 ዓመት ስለ ጤና በሰጠው ቃል ትኩስ መጠጥን ከልክሏል፤ ይህም ቡናና ሻይ ነው ተብሎ ተተርጕሟል አልኋት። እርሷም ጥቂት አሰበችና፥ «ቡናው ከከፋ ወጥቶ ዓለምን ሁሉ ዞሮ ሲያበቃ፥ ከአሜሪካ ‹አትጠጡ› የሚል ትእዛዝ ሆኖ ተመለሰብን ማለት ነው?» አለችኝ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በማግሥቱ ግን የፈላ ውኃ ጤና አዳም ጨምራበት በሲኒ ሰጠችኝ። «ሲኒ ያልያዘ ሰው በቤቴ አይቀመጥም» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስክታርፍ ድረስ የእኔ ድርሻ ይህ ሆነ።

ከብዙ ወራት በኋላ ግን ጨዋታ ያልሆነ ጥያቄ ጠየቀችኝ። በአሜሪካ የሚኖር የእኅቷ ልጅ አንድ ነገር ነግሯት ኖሮ፥ «ልጄ፥ እነዚህ ሰዎች ጥቁርን ካህን አናደርግም ይሉ ነበር አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

እውነት ነው። ነገሩም እንዲህ ነበር። በጆሴፍ ስሚዝ ዘመን፥ በ1836፥ ኤላይጃ ኤብል የተባለ ጥቁር ሰው ክህነት ተቀብሎ ነበር። ዳሩ ግን በ1852 የስሚዝ ተከታይ ብሪገም ያንግ ጥቁሮች ክህነት እንዳይቀበሉ በይፋ ተናገረ። በእኛ ዘንድ ክህነት ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ በምግባሩ የተመሰከረለት ወንድ ሁሉ ይቀበለዋል። ክልከላው በዚህ ብቻ አላበቃም፤ ባልና ሚስት፥ ወላጅና ልጅ፥ ከሞት በኋላም ለዘለዓለም እንዲተሳሰሩ በቤተ መቅደስ የሚደረገው ሥርዐትም ለጥቁሮች ተከለከለ። እንግዲህ ቤተ ሰብ የዘለዓለም ነው ብሎ የሚሰብከው እምነት፥ የጥቁሩን ቤተ ሰብ 126 ዓመት በደጅ አቆመው።

ጄን ማኒንግ ጄምስ የተባለች ጥቁር ሴት ነበረች። ከዘመዶቿ ጋር ብዙ መንገድ በእግሯ ተጕዛ ወደ ስሚዝ ከተማ ወደ ናቩ ደረሰች፤ በኋላም ከሞርሞኖች ጋር ምዕራቡን ምድረ በዳ ተሻገረች። ከቤተ ሰቧ ጋር የሚያስተሳስራትን ሥርዐት እንዲፈቅዱላት ደጋግማ ለመነች። በ1894 የተሰጣት መልስ፥ በጆሴፍ ስሚዝ ቤት የዘለዓለም አገልጋይ ሆና እንድትታሰር ነበር፤ ሥርዐቱም እርሷ በሌለችበት ተፈጸመ። እርሷ ግን በዚህ አልረካችም፤ በ1908 እስክትሞት ድረስ መለመኗን አልተወችም። የዚህችን ሴት ታሪክ ሳነብ ከስብከት ሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካዋል፤ አለቆቿ ስለ ቤተ ሰብ የሚያስተምሩትን ነገር ከእነርሱ ይልቅ እርሷ አምናው ነበርና።

ክልከላው የተሻረው በሰኔ 1978 ነው። በ2013 ደግሞ ቤተ ክርስቲያኗ፥ ቀድሞ ለክልከላው ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች፥ ጥቁር መልክ የርግማን ምልክት ነው የሚለውን ጨምሮ፥ እንደማትቀበል በጽሑፍ አስታወቀች።

እናቴ ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር አስልታ፥ «በ1970 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አንተ ስትወለድ እኮ ገና አልፈቀዱልህም ነበር» አለችኝ። ምን እመልሳለሁ? ለመከራከር ፈልጌ፥ እኛስ በአገራችን ሸማኔውን፥ ቀጥቃጩን፥ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያልን ከጋብቻና ከማዕድ አላራቅንምን? አልኋት። እናቴ ጀበናዋን ተመለከተች፤ ጀበናውን የሠሩት እጆች የማን እንደ ሆኑ ታውቃለችና። ቢሆንም የሌላው በደል የእኛን በደል አያጥብም። ይህን መልስ የሰጠኋት ለማምለጥ እንደ ነበር ዛሬ አውቃለሁ።

አሁን ወደ መንግሥት ነገር ልሂድ። እናቴ እንደ ብዙው ሰው «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ትል ነበር። የካዛንቺስ ሰው ግን ፖለቲካን በሩቁ ለማለት አልታደለም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቍጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፥ በሰፈሩ ብዙው ሰው የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነ። ፖለቲካ ቤት ድረስ ይመጣል።

በሞርሞኖችም ዘንድ ከዚህ በባሰ አኳኋን መጥቶባቸዋል። ማኅበሩ በ1830 በኒውዮርክ ከተመሠረተ ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላው የሚዙሪ ግዛት ገዥ ሞርሞኖች ከግዛቱ እንዲባረሩ፥ አለዚያ እንዲጠፉ አዘዘ። ስሚዝ በ1844 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት እወዳደራለሁ ባለበት ዓመት እስር ቤት ሳለ በሽፍቶች እጅ ተገደለ። ነገር ግን እውነቱን ሁሉ እንናገር፤ ስሚዝ ወደ እስር ቤት የገባው፥ የከተማው ሹም ሆኖ የነቀፈውን የጋዜጣ ማተሚያ እንዲሰባበር በማዘዙ ነው። ተከታዮቹም ወደ ዩታ ከተሰደዱ ከአሥር ዓመት በኋላ፥ በ1857፥ የሞርሞን ጦረኞች በዚያ የሚያልፉ ወደ 120 የሚሆኑ መንገደኞችን ፈጁ። የተሰደደ ሁሉ ጻድቅ አይደለም፤ የተገፋውም ኀይል ባገኘ ጊዜ ይገፋል።

ከመንግሥት ጋር ትልቁ ጠብ የተነሣው ግን በጋብቻ ምክንያት ነው። በ1852 ሞርሞኖች ከአንዲት በላይ ሚስት ማግባትን እንደ ሃይማኖት ሥርዐት አድርገው በይፋ አወጁ። የአሜሪካ መንግሥት ሕግ በሕግ ላይ እየጨመረ ተጫናቸው፤ በ1879 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሃይማኖት ሕግን ለማፍረስ ምክንያት አይሆንም ብሎ ፈረደ። በ1887 የወጣውም ሕግ የቤተ ክርስቲያኗን ድርጅት አፍርሶ ንብረቷ እንዲወረስ አደረገ፤ የዩታ ሴቶች ከ1870 ጀምሮ የነበራቸውንም የመምረጥ መብት ወሰደባቸው። ሚስቶቹን ከጭቈና አወጣለሁ ያለው ሕግ፥ ድምፃቸውን መቀማቱ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። በ1890 የቤተ ክርስቲያኗ አለቃ ዊልፎርድ ዉድረፍ እንዲህ ያለው ጋብቻ እንዲቀር አስታወቀ፤ በ1896 ዩታ የአሜሪካ ግዛት ሆና ተቈጠረች። እኔ የጋብቻው መቅረት መልካም ነበር እላለሁ። ነገር ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ተብለው የተጋቡት ሴቶች ልጆቻቸውን ይዘው ምን ይሁኑ? አዋጁ ይህን በግልጥ አልተናገረም። በአንድ ቀን የታወጀው ነገር በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ብዙ ዘመን የሚቈይ እንባ ሆነ።

በአገራችንም አፄ ሱስንዮስ ሕዝቡን ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ለመመለስ ብለው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ፥ በ1624 ዓ.ም. ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲለደስ መልቀቃቸውን ወጣቱ አንባቢ በትምህርት ቤት ተምሮታል። በ1948 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን ቤተ ክርስቲያን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ያደርግ ነበር፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። እንደ እኔ ላለ ጥቂት ወገን ይህ አንቀጽ የቤት ጣራ ማለት ነው።

ከእምነታችን አንቀጾች አንዱ ለነገሥታትና ለገዥዎች መገዛትን፥ ሕግንም ማክበርን ያዛል። ገዥው ክፉ ሲሆንስ? በጀርመን አገር፥ በሐምቡርግ ከተማ፥ ሄልሙት ሂዩብነር የተባለ የሞርሞን ልጅ ነበር። ሌሊት ሌሊት የተከለከለውን የለንደን ሬዲዮ እያዳመጠ፥ የናዚ መንግሥት ሕዝቡን እንደሚዋሸው በወረቀት እየጻፈ ከጓደኞቹ ጋር በስውር ይበትን ነበር። በ1942 ተያዘ። የናዚ ፓርቲ አባል የነበረው የአጥቢያው ሹም ወዲያው ከማኅበሩ አወገዘው። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር አንገቱ ተቈረጠ፤ ዕድሜው 17 ነበር። በ1946 ውግዘቱ ተነሣለት። አንባቢዬ በዚህ ዕድሜ ያለህ ወይም ያለሽ እንደ ሆነ፥ የልጁን ጽናት ብቻ ሳይሆን የአጥቢያውን ሹም ፍርሃትም አስቡት፤ ምእመናኑን ከአደጋ ያዳነ መስሎት ይሆናል።

ከካዛንቺስ ሩቅ ባልሆነው በኡራኤል የሆነውን ደግሞ ልናገር፤ የእኛ እምነት ሰዎች ባይሆኑም ነገሩ አንድ ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፥ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተከፍቶላቸው ሳለ ምእመናኔን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. በኡራኤል መካነ ኢየሱስ አስተምረው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተይዘው ተወሰዱ። እርሳቸው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ፀሐይም በኋላ ታስረው ወደ አሥር ዓመት ያህል በወኅኒ ቈዩ፤ ልጆቹ ያለ አባትና ያለ እናት ቀሩ። አንድ ሰው ለእምነቱ ሲጸና፥ ዕዳውን ከፋዮቹ በቤት ያሉትም ጭምር ናቸው። ይህን ስናደንቅ እነርሱንም እንቍጠራቸው።

እናቴ የእኔን እምነት በአንድ ነገር ብቻ አመስግናለች። በጥር 1977 ዓ.ም.፥ ወሎና ትግራይ በረኀብ ሲያልቁ፥ በአሜሪካና በካናዳ ያሉ ሞርሞኖች አንድ እሑድ ጾመው የምግቡን ዋጋ ለተራቡት ሰጡ፤ ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። ይህን ስነግራት፥ በዓመት ከሁለት መቶ ቀን በላይ የምትጾመው እናቴ፥ «ሁለት ምግብ ዘለሉ ብለህ ነው?» አለችና ሳቀች፤ ኋላ ግን፥ «ለራበው ከሰጡ ጾመዋል» አለች።

የመጨረሻው ጥያቄዋ ስለ ሙታን ነበር። እኛ ትውልድ እንቈጥራለን፤ የአያት ቅድመ አያት ስም እየፈለግን እንጽፋለን፤ ሳይጠመቁ ስለ ሞቱት ዘመዶቻችንም በእነርሱ ፈንታ እንጠመቃለን፤ ሙታኑ ይህን ሊቀበሉትም ሊተዉትም ይችላሉ ብለን እናምናለን። እናቴ ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት መቍጠርን የምታውቅ ስለ ሆነች፥ ስሞቹን በደብተር ስጽፍ ደስ ብሏት ከእኔ ይልቅ ወደ ኋላ ትሄድ ነበር። ለምን እንደምጽፈው ስታውቅ ግን ፊቷ ተለወጠ። «እኔ በሰማንያ ቀኔ ተጠምቄአለሁ። ከሞትሁ በኋላ እንደ ገና ልታስጠምቀኝ ነው?» አለችኝ። ብትፈልጊ ትቀበይዋለሽ፥ ባትፈልጊ ትተይዋለሽ ብዬ ላስረዳት ሞከርሁ። «በሕይወቴ ሳለሁ ጠይቀኝ፤ ሞቼ ሳለሁ አትጠይቀኝ» አለች። እኔም ስሟን እንዳልሰጥ በፊቷ ቃል ገባሁ።

በሞተች ጊዜ የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ሰፈሩን ዞሮ ለፈፈ፤ ድንኳን ተተከለ፤ እኔ ቡናቸውን ያልጠጣሁላቸው ጎረቤቶች ሦስት ቀን ከእኔ ጋር አደሩ። በፍትሐቱ ላይ ካህኑ የክርስትና ስሟን ሲጠሩ ሰማሁ፤ በሕይወቷ ነግራኝ አታውቅም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ካዛንቺስ ሲፈርስ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላም ስፍራ ሄደ። እኔም ዕቃዬን ስሸክፍ ያንን ደብተር አገኘሁት። ሰባቱ ቤት በእናቴ ቃል ከላይ እስከ ታች ተጽፏል፤ በየስሙ ትይዩ የክርስትና ስም የሚጻፍበት መስመር አለ። በእርሷ ስም ትይዩ ያለውን ባዶ ትቼዋለሁ።