ለድሮ ላፕቶፕ የሚበቃ ጌም፦ ሊኑክስና የቆዩ ጌሞች ዕጣ ከጁባ ሲታይ

ደቡብ ሱዳናዊው ጌም ሠሪ ሉአል ማየን የተወለደው ቤተሰቡ የእርስ በርስ ጦርነቱን ሸሽቶ ወደ ኡጋንዳ በሚሰደድበት ወቅት ነው። በሰሜን ኡጋንዳ፣ በአጁማኒ የስደተኞች መጠለያ፣ ከ20 ዓመታት በላይ ኖሯል። እናቱ ልብስ እየሰፉ ለሦስት ዓመታት ባጠራቀሙት 300 ዶላር ላፕቶፕ ገዙለት። በመጠለያው ኤሌክትሪክ ስላልነበረ ባትሪውን ለመሙላት ሦስት ሰዓት ያህል በእግሩ ይጓዝ ነበር።

የጌምን ዓለም ያሳየው በዚያ ላፕቶፕ ላይ ያገኘው 'ግራንድ ቴፍት አውቶ፦ ቫይስ ሲቲ' ነው። በተኩስና በዘረፋ የተሞላው ይህ ጌም፣ ጦርነት ላሳደጋቸው ልጆች ሌላ ዓይነት ጌም መሥራት ይቻል እንደሆነ እንዲያስብ አደረገው። ራሱን አስተምሮ 'ሰላም' የተሰኘውን ጌም ሠራ፤ ተጫዋቹ ሕይወቱን ለማትረፍ የሚሸሽ ስደተኛ ነው። በኋላም 'ጁኑብ ጌምስ' የተባለ ድርጅት አቋቋመ። 'ጁኑብ' በአረብኛ 'ደቡብ' ማለት ነው። እአአ በ2018 'ዘ ጌም አዋርድስ' በተሰኘው ዓለም አቀፍ ሽልማት ላይ እውቅና ተሰጠው።

ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚተረከው የጽናት ምሳሌ ተደርጎ ነው፤ ነውም። ይሁንና አንድ ቴክኒካዊ ጉዳይ ይዘለላል። ቫይስ ሲቲ በፒሲ የወጣው እአአ በ2003 ነው። ለመጫን የሚፈልገው 915 ሜጋባይት ያህል ቦታ ሲሆን 128 ሜጋባይት ራም ይበቃው ነበር። ከተጫነ በኋላ ከየትኛውም ሰርቨር ጋር መገናኘት አይጠበቅበትም። ርካሽ ላፕቶፕ ላይ፣ ኢንተርኔት በሌለበት መጠለያ ውስጥ ሊሠራ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ የሚወጡ ታላላቅ ጌሞች ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ይይዛሉ፤ ብዙዎቹም ያለ ኢንተርኔት አይከፈቱም።

በጁባ ጌም መጫወት ምን ይጠይቃል?

ደቡብ ሱዳን በዓለም ዝቅተኛ የኤሌክትሪክ ሽፋን ካላቸው አገራት አንዷ ናት፤ ከአሥር ነዋሪዎቿ አንዱ እንኳ ኤሌክትሪክ አያገኝም። በዋና ከተማዋ ጁባ እአአ በ2013 መጨረሻ የተቀሰቀሰውን ጦርነት ተከትሎ የሕዝብ የኃይል አቅርቦት ተቋርጦ ከተማዋ ለዓመታት በጄነሬተርና በፀሐይ ኃይል ስትገፋ ቆይታለች። የመጀመሪያ ምዕራፉ 33 ሜጋዋት የሆነ የኃይል ማመንጫ ሥራ የጀመረው እአአ በ2019 ነው። ጁባ በምድር በተዘረጋ የፋይበር መስመር ከኡጋንዳ ጋር የተገናኘችውም በ2020 ነበር። ከዚያ በፊት ኢንተርኔት በአብዛኛው በሳተላይት የሚመጣና እጅግ ውድ ነበር።

በእንዲህ ያለ ከተማ 100 ጊጋባይት ማውረድ ቅንጦት ነው። ዓለም አቀፍ የክፍያ ካርድ ያለው ሰውም ጥቂት ነው። ስለዚህ ጌም የሚጓዘው እንደ ፊልምና እንደ ዘፈን በፍላሽና በሃርድ ዲስክ፣ ከእጅ ወደ እጅ ነው። በአዲስ አበባ ፕሌይስቴሽን ቤትና ሲዲ ቤት ያደገ አንባቢ ይህን መንገድ በሚገባ ያውቀዋል። አብዛኛው ቅጂ ያለ ፈቃድ የተባዛ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ብዙ የቆዩ ጌሞች ዛሬም የሚገኙት በእነዚሁ ቅጂዎች እንጂ በገበያ ላይ አይደለም። ሕጉና እውነታው ከሚጣሉባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

ሊኑክስ ለምን ተነሳ?

ማይክሮሶፍት እአአ ጥቅምት 14/2025 ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በድሮ ኮምፒውተሮች ላይ የማይገኙ የደኅንነት ክፍሎችን ይጠይቃል። ከአውሮፓና ከገልፍ አገራት ያገለገሉ ላፕቶፖች የሚገቡባቸው የምሥራቅ አፍሪካ ገበያዎች ውስጥ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ማሽኑ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሶፍትዌሩ ጡረታ ያወጣዋል።

ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ፣ ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ስርዓተ ክወና ነው። ቀላል ቅጂዎቹ በድሮ ላፕቶፕ ላይ ያለ ችግር ይሠራሉ። ለረጅም ጊዜ ግን "ጌም የለውም" ይባል ነበር፤ ገንቢዎች ጌማቸውን የሚሠሩት ለዊንዶውስ ብቻ ስለነበር አባባሉ ከእውነት የራቀ አልነበረም።

ይህን የለወጠው እአአ በ1993 የተጀመረው 'ዋይን' የተሰኘ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነው። ዋይን ጌሙ ለዊንዶውስ የሚያቀርበውን ጥያቄ ሊኑክስ ወደሚገባው ቋንቋ የሚመልስ አስተርጓሚ ነው ማለት ይቻላል። የስቲም ባለቤት የሆነው ቫልቭ ኩባንያ ይህንኑ መሠረት አድርጎ እአአ ነሐሴ 2018 'ፕሮቶን'ን አወጣ። በ2022 ለገበያ የቀረበው በእጅ የሚያዝ የጌም ኮምፒውተሩ 'ስቲም ዴክ'ም የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ የዊንዶውስ ጌሞች በሊኑክስ ላይ ያለ ምንም ማስተካከያ የሚከፈቱ ሆነዋል። እንዲያም ሆኖ በስቲም የዳሰሳ መረጃ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ድርሻ እአአ በ2025 መጨረሻ 3 በመቶ ገደማ ነበር።

ደጋፊዎቹ ሊኑክስ ከአዲሶቹ ይልቅ ለድሮ ጌሞች የተሻለ ቤት ነው ይላሉ፤ ለዚህም ማስረጃ አላቸው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችን አይከፍትም፤ ዋይን ግን ብዙዎቹን ያስኬዳል። ማይክሮሶፍት እአአ በ2015 'ሴፍዲስክ' የተሰኘውን የሲዲ ቅጂ መከላከያ በደኅንነት ስጋት ሳቢያ ከአገልግሎት ሲያስወጣ፣ በርካታ ሰዎች በሕጋዊ መንገድ ገዝተው በመደርደሪያ ያስቀመጧቸው ጌሞች በአዲሱ ዊንዶውስ ላይ መከፈት አቆሙ። ከዊንዶውስ በፊት ለነበሩት የዶስ ጌሞች ደግሞ እአአ በ2002 የወጣው 'ዶስቦክስ' በሁለቱም ስርዓቶች ላይ ያገለግላል።

ተቺዎቹም የሚሉት አላቸው። በኢንተርኔት የሚካሄዱ የውድድር ጌሞች ማጭበርበርን የሚከላከል ፕሮግራም ይጠቀማሉ፤ የአንዳንዶቹ ባለቤቶች ይህ ፕሮግራም በሊኑክስ እንዲሠራ አይፈቅዱም። 'ፎርትናይት' በዚህ ይታወቃል። 'ኤፔክስ ሌጀንድስ' ደግሞ በሊኑክስ ሲሠራ ቆይቶ እአአ በጥቅምት 2024 መጨረሻ በሩን ዘግቷል።

ከጁባ አንጻር ሲታይ የሚያመዝነው ግን ሌላ እንቅፋት ነው፤ በክርክሩም እምብዛም አይነሳም። ፕሮቶን በሚገባ የሚሠራው 'ቩልካን' የተባለውን የግራፊክስ ቴክኖሎጂ በሚደግፉ ማሽኖች ላይ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ብዙ ላፕቶፖች ይህ የላቸውም። ስለዚህ "ድሮ ላፕቶፕህን ሊኑክስ ጫንበትና ሁሉንም ጌም ተጫወት" የሚለው ምክር ግማሽ እውነት ነው። ለቢሮ ሥራና እንደ ቫይስ ሲቲ ላሉ የቆዩ ጌሞች ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ማሽኑ ራሱ ይዳክማል። ስቲምም ቢሆን ያለ ኢንተርኔት የመጫወቻ አማራጭ ይኑረው እንጂ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ገብቶ ማውረድ ግድ ነው። በዚህ ረገድ እአአ በ2008 ሥራ የጀመረው የፖላንዱ 'ጎግ' ይሻላል፤ የሚሸጣቸው ጌሞች መጫኛ ፋይል በሃርድ ዲስክ ተቀምጦ ኢንተርኔት በሌለበትም ማገልገል ይችላል።

አንድ ጌም ስንት ጊዜ ይጠፋል?

የቫይስ ሲቲ የራሱ ታሪክ የቆዩ ጌሞችን ማቆየት ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ ያሳያል። ጌሙ በ1980ዎቹ ዘፈኖች የታወቀ ነው። እአአ በ2012 የፈቃድ ጊዜያቸው ያበቃ ዘፈኖች፣ የማይክል ጃክሰን 'ቢሊ ጂን'ን ጨምሮ፣ በስቲም ከሚሸጠው ቅጂ ወጡ። በ2003ቱ ሲዲ ላይ የነበረው ጌምና ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የተሸጠው ጌም አንድ አልነበሩም ማለት ነው።

ከዚያም በጎ ፈቃደኛ ፕሮግራመሮች የጌሙን ኮድ ፈትተው እንደገና በመጻፍ በሊኑክስም ጭምር እንዲሠራ አደረጉት። ሥራቸውን ለመጠቀም ዋናውን ጌም መያዝ ያስፈልግ ነበር። የጌሙ ባለቤት ቴክ ቱ ኢንተራክቲቭ ግን የቅጂ መብቴ ተጥሷል በማለት እአአ በየካቲት 2021 ኮዱ ከኢንተርኔት እንዲወርድ አደረገ፤ በዚያው ዓመት መስከረም ክስ መሠረተ። ብዙም ሳይቆይ የጌሙ አዘጋጅ ሮክስታር የታደሰ ቅጂ ሊያወጣ ሲል የቀድሞዎቹን ከሽያጭ አነሳ። የታደሰው ቅጂ በኅዳር ሲወጣ በስህተት ተሞልቶ ስለነበር ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የቀድሞዎቹን በራሱ የፒሲ መደብር መልሶ ለሽያጭ አቀረበ።

በሚሊዮኖች የተሸጠ ጌም እንዲህ ከሆነ ያልታወቁት ምን ይሆናሉ? 'ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን' የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እአአ በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም። ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ጌሞች ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያቀርቡ የቀረበው ጥያቄ በአገሪቱ የቅጂ መብት ቢሮ በጥቅምት 2024 ውድቅ ሆኗል። የኢንዱስትሪው ማኅበር የተቃወመው ጌሞቹ ለምርምር ሳይሆን ለመዝናኛ ይውላሉ በሚል ነው። መጽሐፍ አንባቢውን ያዝናናል ተብሎ ከቤተ መጻሕፍት እንደማይከለከል ለሚያስብ ሰው ይህ መከራከሪያ እንግዳ ነው።

በአውሮፓ ሙግቱ ሌላ መልክ ይዟል። ዩቢሶፍት እአአ መጋቢት 31/2024 'ዘ ክሩ' የተሰኘውን የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨር ሲዘጋ፣ ገንዘብ የከፈሉ ሰዎች ለብቻቸው እንኳ መጫወት አልቻሉም። ይህን ተከትሎ 'ስቶፕ ኪሊንግ ጌምስ' የተባለ ዘመቻ ተጀመረ። ጥያቄው ኩባንያዎች ድጋፍ ሲያቆሙ ጌሙን መጫወት በሚቻልበት ሁኔታ ይተዉት የሚል ነው። ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው አቤቱታ በሐምሌ 2025 ከአንድ ሚሊዮን ፊርማ አልፏል። የኩባንያዎቹ ማኅበር በበኩሉ ግዴታው ጌም የመሥራት ወጪን ያንራል፣ የተጠቃሚዎችን ደኅንነትም አደጋ ላይ ይጥላል ሲል ተቃውሞታል።

ጁባ ላይ ቅርስ ማቆየት ሲባል ቀድሞ የሚታወሰው ወረቀት ነው። የደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሰነዶች ለዓመታት በድንኳን ውስጥ ለዝናብና ለምስጥ ተጋልጠው ከቆዩ በኋላ፣ ሪፍት ቫሊ ኢንስቲትዩት ከመንግሥት ጋር በመሆን ወደ ዲጂታል ሲቀይራቸው ቆይቷል። አገሪቱ ነጻነቷን ያወጀችው እአአ ሐምሌ 9/2011 በመሆኑ የመንግሥቷ ሰነድ ቀድሞ ቢታሰብለት አያስገርምም።

ሆኖም የአካባቢው የጌም ታሪክም ተጀምሯል፤ ያውም በቀላሉ በሚጠፋው መድረክ ላይ። 'ሰላም' በመጀመሪያ የተሠራው ለሞባይል ነው። በአዲስ አበባ ቀነ ጌምስ የሠራው፣ ዶሮ የምትሮጥበት 'ኩኩሉ'ም እንዲሁ። አፕል እአአ በ2017 ባወጣው አይኦኤስ 11 ባለ 32 ቢት መተግበሪያዎችን ሁሉ ከአገልግሎት ውጪ አድርጓል። ጉግል ፕሌይም ለአዳዲስ የአንድሮይድ ቅጂዎች ያልታደሱ መተግበሪያዎች በአዳዲስ ስልኮች ላይ ለሚፈልጓቸው ሰዎች እንዳይታዩ ያደርጋል። አነስተኛ ድርጅት ገንዘብ ሲያጥረው ቀድሞ የሚያቆመው ደግሞ እድሳትን ነው።

በአንድሮይድና በአይፎን መካከል ያለው ልዩነትም እዚህ ላይ ይታያል። የአንድሮይድ ጌም መጫኛ ፋይል በፍላሽ ተገልብጦ ሊቀመጥና ያለ መደብሩ ፈቃድ በሌላ ስልክ ሊጫን ይችላል፤ በአይፎን ይህ መንገድ ለተራ ተጠቃሚ በአብዛኛው ዝግ ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን በሊኑክስ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ 'ዌይድሮይድ' የተሰኘ ክፍት ምንጭ ፕሮግራምም አለ። ፋይሉ እጅ ላይ እስካለና ጌሙ ከተዘጋ ሰርቨር ጋር የተሳሰረ እስካልሆነ ድረስ፣ ከመደብር የወጣ ጌም በዚህ መንገድ እንደገና የሚከፈትበት ዕድል አለ።