የወጣቶች ቤት ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

በእንግሊዝ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ለልጆቻችን የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት፣ ለማኅበር ስብሰባ ወይም ለአዲስ ዓመት ዝግጅት አዳራሽ ስንፈልግ ብዙውን ጊዜ የምናንኳኳው የካውንስሉን የወጣቶች ማእከል በር ነው። ስለሆነም ካውንስሉ የሕንፃውን ጸጥታና አገልግሎት ለማሻሻል አስቦ አስተያየት ሲጠይቅ ደብዳቤው ለእኛም ማኅበራት ይደርሳል። መልስ ከሰጠን ደግሞ መልሳችን አጭር ነው፤ ካሜራ ይጨመር፣ አጥሩ ይጠንክር፣ ዘበኛ ይቀጠር። በሙያዬ መሐንዲስ ነኝና አጥርና ካሜራን መናቅ አይቃጣኝም። ሆኖም እነዚህ ሕንፃዎች ያለፉበትን የስድሳ ዓመት ታሪክ የተመለከተ ሰው፣ ስለ ብረትና ስለ ሽቦ ከመጠየቁ በፊት ቁልፉን ማን እንደሚይዝ መጠየቅ እንዳለበት ይረዳል ብዬ አምናለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከፍርሃት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 መጨረሻ የእንግሊዝ መንግሥት በሌዲ አልቤማርል የሚመራ ኮሚቴ አቋቁሞ የወጣቶች አገልግሎት ያለበትን ሁኔታ እንዲመረምር አዘዘ። ከጦርነቱ ማግስት በብዛት የተወለዱት ሕፃናት ለአቅመ አዳምና ሔዋን እየደረሱ ነበር፤ ወጣቱን ለሁለት ዓመት ከመንገድ ላይ ያነሳው የነበረው የግዴታ ውትድርናም ሊቀር ተወስኗል። በዚያው ዓመት በበጋው መገባደጃ ላይ ደግሞ በኖቲንግሃምና በለንደኑ ኖቲንግ ሂል ነጭ ወጣቶች በካሪቢያን ስደተኞች ላይ ተነስተው ብዙ ቀን የፈጀ ብጥብጥ ሆኖ ነበር። ባጭሩ መንግሥት ጎረምሳውን ፈርቶታል።

የሚገርመው ከዚህ ፍርሃት የወጣው ሰነድ የፍርሃት ሰነድ አለመሆኑ ነው። በየካቲት 1960 እ.ኤ.አ. የወጣው የአልቤማርል ሪፖርት (ከኮሚቴው አባላት አንዱ የሠራተኛውን መደብ ባህል ያጠናው ሪቻርድ ሆጋርት ነበር) የአሥር ዓመት የልማት ፕሮግራም እንዲነደፍ፣ የወጣት ሠራተኞች ማሠልጠኛ እንዲከፈትና ወጣቶቹ ራሳቸው የአገልግሎቱ ባለድርሻ ተደርገው እንዲቆጠሩ መከረ። ማሠልጠኛው በ1961 በሌስተር ከተማ ተከፈተ። ቀጥሎም የሕንፃው ሥራ መጣ። የትምህርት ሚኒስቴር የራሱ አርክቴክቶች በብሪስቶል ዳርቻ ዊዚዉድ በተባለ አዲስ ሰፈር ለናሙና የሚሆን የወጣቶች ክበብ ነድፈው ልምዱን በ1963 በታተመ መጽሔት ለመላው አገር አካፈሉ።

የዚያን ዘመን የክበብ ንድፎች ዛሬ በመሐንዲስ ዓይን ሲያዩአቸው አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ቤቱ ትምህርት ቤት እንዳይመስል ተጥሯል፤ ቡናና ለስላሳ የሚሸጥበት ባንኮኒ የቤቱ እምብርት ነው። ከባንኮኒው ኋላ የቆመው ሠራተኛ ሻይ እየቀዳ መግቢያውንም፣ የጠረጴዛ ቴኒሱንም፣ ጥግ ላይ ሆነው የሚያወሩትንም ያያል። ማንንም እየሰለለ አይደለም፤ ግን ቤቱ ያለ ዓይን አልዋለም። ጸጥታ ማለት ይህ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው፤ ርካሽ ጠፍጣፋ ጣራው ውኃ ማስገባቱ፣ ትልልቅ መስኮቶቹ በአንድ ድንጋይ መርገፋቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለግንባታ የተገኘው ገንዘብ ለጥገና አለመገኘቱ። የተሰበረ መስኮት በጣውላ ሲመታ የባንኮኒው ዓይን ይጋረዳል። በእኔ ግምት የብዙዎቹ ክበቦች ውድቀት የጀመረው በወንበዴ ሳይሆን በጣውላ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለመረዳት ወደ ሰሜን ለንደን፣ ወደ ብሮድዋተር ፋርም መሄድ ያስፈልጋል። ይህ የሃሪንጌይ ካውንስል የመኖሪያ ሰፈር ከ1967 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሲሆን 12 ሕንፃዎችና ከ1000 በላይ ቤቶች አሉት። ቦታው የሞዘል ወንዝ የሚያጥለቀልቀው ስለነበር ምድር ቤት ላይ ሰው እንዳይኖር ተደርጎ ሕንፃዎቹ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ቆሙ። ከሥር መኪና ይቆማል፤ ሰው የሚመላለሰው ሕንፃውን ከሕንፃ በሚያያይዝ ከፍ ያለ መተላለፊያ ላይ ነው። ሱቆቹም እዚያው ላይ ነበሩ። በወረቀት ላይ ያማረ ሐሳብ ነው። በተግባር ግን ከሥር ያለው ጨለማ፣ ከላይ ያለው ደግሞ መግቢያና መውጫው የማይታወቅ የማንም ያልሆነ መንገድ ሆነ።

በ1981 እ.ኤ.አ. በሰፈሩ ውስጥ ተዘግቶ የቆየ የተጠበሰ ዓሣና ድንች መሸጫ ቤት ነበር። ካውንስሉ ወንጀል በዛ ሲባል ቤቱን የፖሊስ ቢሮ ሊያደርገው አሰበ። ነዋሪው፣ በተለይም ጥቁሩ ነዋሪ፣ በወጉ አልተጠየቀም። የጃማይካ ተወላጅ የሆኑት ወይዘሮ ዶሊ ኪፊን ጎረቤቶቻቸውንና ወጣቶቹን አስተባብረው ተቃወሙ፤ ቤቱም ለወጣቶቹ ተሰጠና የብሮድዋተር ፋርም የወጣቶች ማኅበር ተመሠረተ። ወጣቶቹ ለሰፈሩ አረጋውያን ምሳ ማቅረብ ጀመሩ። አሮጊቶቹ የሚፈሩት ጎረምሳ ሳህን ይዞ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የሕፃናት ማቆያና የሥራ ሥልጠና ተጨመረ፤ ወደ ባሕር ዳርቻ የሽርሽር ጉዞ ተዘጋጀ። በ1985 መጀመሪያ ላይ ልዕልት ዳያና ሳይቀሩ ሰፈሩን ጎበኙት።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምፈልገው ከ1981 እስከ 1985 ኮንክሪቱ ያው መሆኑን ነው። መተላለፊያው አልፈረሰም፣ ምሰሶው አልተነሳም፣ ጨለማውም በአብዛኛው አልበራም። ከብጥብጡ በኋላ በሎርድ ጊፎርድ የሚመራው አጣሪ ቡድን በ1986 ባወጣው ሪፖርት ግን በእነዚያ ዓመታት በሰፈሩ ወንጀል መቀነሱን መዝግቧል። የተለወጠው የአንዲት ሱቅ ቁልፍ ነው።

ብጥብጡንም መደበቅ አይገባም። ጥቅምት 5 ቀን 1985 እ.ኤ.አ. ፖሊሶች የወይዘሮ ሲንቲያ ጃሬትን ቤት ሲፈትሹ ሴትዮዋ ወድቀው ሞቱ። በማግሥቱ ብሮድዋተር ፋርም ነደደ፤ ኪት ብሌክሎክ የተባለ ፖሊስም ተገደለ። በግድያው ተፈርዶባቸው የነበሩት ሦስት ሰዎች በ1991 በይግባኝ ነጻ ወጥተዋል። በዚያው በ1985 አሊስ ኮልማን የተባለች የጂኦግራፊ ምሁር ባሳተመችው መጽሐፍ ለእንዲህ ዓይነት ሰፈሮች ችግር ዋናው ተጠያቂ ንድፋቸው እንደሆነ ተከራክራ ነበርና ጥፋቱን በኮንክሪቱ ላይ መጣል ቀላል ሆነ። የወጣቶቹ ማኅበር ቤቱን ቢይዝም በፖሊስና በጥቁሩ ወጣት መካከል የነበረውን ቁርሾ ብቻውን ሊሽረው እንደማይችል ግን የጊፎርድን ሪፖርት ያነበበ ያውቃል።

ኮንክሪቱም ቢሆን ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። ከ1985 በኋላ በሰፈሩ ላይ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ፓውንድ ፈስሶ ከፍ ያሉት መተላለፊያዎች ፈረሱ፣ ሱቆቹ ወደ ምድር ወረዱ፣ በየሕንፃው መግቢያ ላይ ሰው የሚቆጣጠረው በር ተተከለ፣ ትልቅ የማኅበረሰብ አዳራሽም ተሠራ። ሰፈሩ ከዚያ በኋላ ረጅም የሰላም ዘመን አይቷል። ሁለቱ ሲገናኙ ሠሩ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ የብሪታንያ ካውንስሎች ይበልጥ የያዙት ግን የበሩን ክፍል ይመስለኛል። በ1989 እ.ኤ.አ. ፖሊሶች ሕንፃ ሲነደፍ ወንጀልን ለመከላከል የሚረዳ የጥራት መለኪያ አወጡ። በ1998 የወጣው የወንጀልና የሥርዓት አልበኝነት ሕግ ደግሞ በ17ኛው አንቀጹ ካውንስሎች በማንኛውም ሥራቸው ወንጀልን መከላከልን እንዲያስቡበት ግዴታ ጣለባቸው። ሕጉ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ሹም ግዴታውን መወጣቱን በወረቀት ለማሳየት ከካሜራ የበለጠ የሚቀለው ነገር የለም። ካሜራ ይቆጠራል፤ የወጣቱ አመኔታ አይቆጠርም።

ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ ብራንደን ዌልሽና ዴቪድ ፋሪንግተን የተባሉ ሁለት የወንጀል ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ለእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስበው ሁለት ሪፖርት አቅርበዋል። የደኅንነት ካሜራ በተተከለባቸው ቦታዎች ወንጀል በአማካይ የቀነሰው በ4 በመቶ ገደማ ነው፤ ያም በአመዛኙ የመኪና ማቆሚያዎች ውጤት ነበር። የመንገድ መብራት በተሻሻለባቸው ቦታዎች ግን 20 በመቶ ያህል ቀንሷል። የሚያስደንቀው በመብራቱ ምክንያት የቀን ወንጀልም መቀነሱ ነው። ፀሐይ እያለ አምፖል ሌባ አያሳይም። ተመራማሪዎቹ እንዳሉት ምክንያቱ ሰው "ይህ ሰፈር ባለቤት አለው" ብሎ ማመኑ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ስለ በር ላንሳ፤ በሙያዬ ብዙ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነውና። የወጣቶች ማእከል ዋናው የጸጥታ ቀዳዳ የእሳት መውጫው ነው። ውስጥ ያለው ልጅ ይከፍተዋል፣ ውጭ ያለው ጓደኛው ይገባል፣ ከጓደኛው ኋላ የማይፈለገው ይከተላል። የቸኮለ ኃላፊ መፍትሔው ሰንሰለት ነው። የካቲት 14 ቀን 1981 እ.ኤ.አ. በደብሊን ስታርደስት በተባለ የጭፈራ ቤት በቫለንታይን ሌሊት እሳት ተነስቶ 48 ወጣቶች አለቁ። ያለ ክፍያ የሚገቡትን ለመከላከል ሲባል የአደጋ መውጫዎች ይቆለፉ ነበር፤ የተቆለፉ እንዲመስሉም ሰንሰለት ይንጠለጠልባቸው ነበር። በአየርላንድ ሟቾቹ በሕገ ወጥ መንገድ እንደተገደሉ የተወሰነው በ2024፣ ከ43 ዓመት በኋላ ነው። መፍትሔው ውድ አይደለም፤ በሰውነት ተገፍቶ የሚከፈት አግድም ብረት፣ በሩ ሲከፈት በእንግዳ መቀበያው የሚጮህ ደወል፣ ከበሩ በላይ አንድ መብራት። መቆለፊያው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነም የእሳት ደወል ሲጮህ ወይም መብራት ሲጠፋ ራሱ መልቀቅ አለበት። የእናንተ ማኅበር ልጆች በሚማሩበት አዳራሽ ይህ መኖሩን ቅዳሜ ዕለት ሄዳችሁ ተመልከቱ።

ሽንት ቤቱንም እዩት። በአሮጌዎቹ ሕንፃዎች ብዙውን ጊዜ በጨለማ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ነው፤ ልጅ ልጅን የሚያስፈራራውና የሚደበድበውም እዚያ ነው። የእጅ መታጠቢያውን ወደ ክፍት ቦታ ማውጣትና ክፍሎቹን ከወለል እስከ ጣሪያ መዝጋት ከአሥር ካሜራ ይበልጣል፤ ካሜራ እዚያ ውስጥ ሊገባ አይችልምና።

ወጣት እንዳይሰበሰብ ስለተሠራው መሣሪያም አንድ ነገር ልበል። በ2005 እ.ኤ.አ. በዌልስ "ሞስኪቶ" የተባለ፣ ወጣቶች ብቻ የሚሰሙት ቀጭን የሚያሳክክ ድምፅ የሚያወጣ መሣሪያ ተፈለሰፈ። አንዳንድ ካውንስሎች ገዙት። በ2010 የአውሮፓ ምክር ቤት ጉባኤ በሕዝብ ቦታዎች እንዲታገድ ጠየቀ። ከአልቤማርል ባንኮኒ እስከዚህ የወረደው ሐሳብ ነው።

እኛስ? እ.ኤ.አ. በ1844 ጆርጅ ዊሊያምስ የተባለ የጨርቅ ሱቅ ሠራተኛ ከጓደኞቹ ጋር በለንደን የመሠረተው ማኅበር በ1940ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ ደርሶ ወወክማ ተብሏል። ወላጆቻችን ቅርጫት ኳስ የተጫወቱበትን አራት ኪሎን ያስታውሱታል። ደርግ ወረሰው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የቀበሌ ወጣቶች ማኅበር የሚሰበሰብበት ግቢ ብዙ ቦታ እስር ቤትም ነበር። በር ላይ ጠባቂ ቆሞ ስም መመዝገብ ለአንድ እንግሊዛዊ ተራ ነገር ነው፤ የዚያን ዘመን ግቢ ለሚያስታውስ አባት ግን ሌላ ትርጉም አለው። ካውንስሉ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የሚነግረው ከሌለ።

ከ2010 እ.ኤ.አ. በኋላ የሆነው የታወቀ ነው። በዩኒሰን የሠራተኞች ማኅበር ጥናት መሠረት ከ2012 እስከ 2016 ብቻ በመላው ብሪታንያ ከ600 በላይ የወጣቶች ማእከላት ተዘግተዋል። የፊስካል ጥናት ተቋም በ2024 ባወጣው ጥናት በለንደን ከ2010 እስከ 2019 ከክበቦቹ 30 በመቶ ያህሉ ተዘግተዋል፤ በአቅራቢያቸው የነበረ ክበብ የተዘጋባቸው ልጆች ወንጀል የመሥራት ዕድላቸው በ14 በመቶ ጨምሯል፤ በመዝጋት ለተቆጠበው ለእያንዳንዱ አንድ ፓውንድም ኅብረተሰቡ 2.85 ፓውንድ ያህል ከስሯል። በ2022 የእንግሊዝ መንግሥት እስከ 300 የሚደርሱ ማእከላትን ለመሥራትና ለማደስ ከ300 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መድቧል። ገንዘቡ ለሕንፃ ነው። ማታ ማታ ከባንኮኒው ኋላ የሚቆመው ሰው ደሞዝ ግን ሌላ በጀት ይጠይቃል።

ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ በመልሱ ላይ መጠየቅ ያለብን ማእከሉ ከምሽቱ ስንት ሰዓት እንደሚዘጋ፣ በሩን የሚከፍተው የካውንስሉ ሠራተኛ ይሁን ወይስ የሰፈሩ ሰው፣ ወጣቶቹ በአስተዳደር ኮሚቴው ስንት ወንበር እንዳላቸው፣ የካሜራውን ምስል ማን እንደሚያየውና ለስንት ቀን እንደሚቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አጥሩ ቁመት እንነጋገራለን፤ እኔም ስሌቱን በደስታ እሠራለሁ።