ቅጽል ስሞቻችን፦ ጎንደር፣ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት

እናንተ እዚህ እስራኤል ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ልጆቻችን ስለ ኢትዮጵያ ስትጠይቁን አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቁን ስለ መንገዱ ነው። ስንት ቀን በእግር ሄዳችሁ? ሱዳን እንዴት ነበር? ማን ሞተባችሁ? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ መልሱንም ልንነግራችሁ ይገባል። ግን ከመንገዱ በፊትም ሕይወት ነበረ እኮ! አንዳንዶቻችን ያን ሕይወት ያሳለፍነው ሳይንና ኮሳይን እየሸመደድን፣ በአስተማሪዎቻችንም በራሳችንም እየሳቅን ነው። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ሳቅ ነው።

"አንዳንዶቻችን" ማለቴ በምክንያት ነው። አብዛኛው የቤተ እስራኤል ሰው ገበሬ ነበር፣ ቀጥቃጭ ነበር፣ ሸማኔ ነበር፤ ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ልጅም ከብት ይጠብቃል። አምቦበር የነበረው የማኅበረሰባችን ት/ቤት ለብዙዎች የመጀመሪያው በር ነበር። ከዚያ መቀጠል የፈለገ 8ኛ ክፍል ላይ "ሚኒስትሪ" የሚባለውን አገር አቀፍ ፈተና ማለፍ አለበት። ካለፈ 9ኛ ይገባል፣ በ12ኛ መጨረሻ ደግሞ "ማትሪክ" ይጠብቀዋል፤ እንደ እናንተ ባግሩት ማለት ነው። ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ከአማርኛ በስተቀር ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ ፊዚክስን በእንግሊዝኛ ይማራል ብላችሁ አስቡት።

እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1964 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 1971 መሆኑ ነው። አራት የእኛ ልጆች ሆነን ጎንደር ከተማ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን። ስንቃችን በሶ፣ ድርቆሽና ቆሎ ነበር። የሌላውን ሰው ሥጋ ስለማንበላ ከቤት የመጣው ካለቀ አለቀ ነው።

ክፍላችን ውስጥ ከ50 በላይ ነበርን፤ ስሙ አንድ ዓይነት የሆነ ሞልቷል። የውጭ አገር አስተማሪዎች ደግሞ ስማችንን ሲጠሩ ማንን እንደጠሩ አይታወቅም። ስለዚህ ለሁሉም ቅጽል ስም ወጣለት። ከአስተማሪም ከተማሪም የቀረ የለም።

የሒሳብ አስተማሪያችን ሕንዳዊ ነበሩ። በዚያ ዘመን በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤቶች ብዙ የሕንድ አስተማሪዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ከኬረላ የመጡ ናቸው። እኚህኛው ዝናብም ይሁን ፀሐይ ጥቁር ዣንጥላቸውን አይለዩም። መልስ ስንነግራቸው ጭንቅላታቸውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዘውዛሉ። በእኛ አገር እንዲህ የሚያደርግ ሰው "አይደለም" ማለቱ ነው። በእሳቸው አገር ለካ "አዎ፣ ትክክል" ማለት ኖሯል! አንድ መንፈቅ ዓመት ሙሉ ትክክለኛ መልሳችንን በላጲስ ስናጠፋ ከረምን።

እኚሁ ሰውዬ ማርክ ላይ ርኅራኄ አያውቁም፤ ግማሽ ነጥብ እንኳ አይጨምሩም። ስለዚህ "ነጥብ አምስት" አልናቸው። አንድ ጊዜ 49.5 ያገኘ ልጅ ተነሥቶ፣ "ሰር፣ እርስዎ ባስተማሩን መሠረት 49.5 ወደ 50 ይጠጋጋል" አላቸው። ሰውዬው ዝም ብለው አሰቡ። ከዚያ ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። እንቢ ይሁን እሺ ማንም አልገባውም። ሪፖርት ካርድ ሲታደል ግን 50 ተጽፎ ተገኘ።

የአማርኛው አስተማሪ የቤተ ክህነት ትምህርት የዘለቁ፣ ከኮታቸው ላይ ነጠላ የሚደርቡ ሽማግሌ ናቸው። ተማታው አያውቁም፤ ምላሳቸው ይበቃ ነበር። የሚሳደቡት በሰምና ወርቅ ስለሆነ የተሰደበው ልጅ ነገሩ የሚገባው ሌሊት አልጋው ላይ ነው። ስለዚህ ስማቸው "የማታ ማታ" ሆነ። አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ተኝቶ የነበረ ልጅ በራሱ ማስነጠስ ነቃ። እኛ እንደ ወጉ "ይማርህ" አልነው። እሳቸውም፣ "አዎን ልጄ፣ እሱ ይማርህ፤ እኔስ አስተምሬህ አልሆነልኝም" አሉት። ልጁ "አሜን" ብሎ ተመልሶ ተኛ።

እንግሊዝኛ ያስተማረን ወጣት አሜሪካዊ ነው። ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ የሰላም ጓድ የሚባሉ ወጣት አሜሪካውያን በየአውራጃው ከተማ ያስተምሩ ነበር፤ ይህ ከእነሱ አንዱ ነው። በብስክሌት ይመጣል፣ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ "በስሜ ጥሩኝ" ይላል። አስተማሪን በስሙ ከመጥራት ወንዝ መግባት ይሻለን ነበር! አማርኛውን የለመደው ከሊስትሮ ልጆች ስለሆነ ዲሬክተሩን "አንተ፣ ደህና አደርክ?" ይላቸዋል። ሰው ሲቆጣው ደግሞ አክብሮት ለመማር ቆረጠና የዘበኛውን ውሻ "እባክዎ ይለፉ" ሲለው ተሰማ። ስሙ "አንቱ" ሆኖ ቀረ። እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ልጄ አስተማሪዋን በስሟ ስትጠራ፣ "አታ"ና "አት" ለትንሹም ለትልቁም እኩል ሲባል ስሰማ፣ አንቱ ትዝ አለኝ። ያ ልጅ ለካ በጊዜው ለእስራኤል እያለማመደን ነበር።

ዲሬክተሩን "ወባ" እንላቸዋለን። እንደ ወባ ቀን ጠብቀው ይመጣሉ፣ ሲመጡም ሁሉም ይንቀጠቀጣል። ጠዋት በር ላይ አለንጋ ይዘው ይቆማሉ። ጥፍር ያያሉ፣ ጠጉር ያያሉ፣ አርፋጁን ያንበረክካሉ። ለወባ ኪኒን አለ፣ ለእሳቸው ግን አልተገኘም ይባል ነበር።

ከተማሪዎቹ መካከል ታዋቂው "ወላጅ" ነው። ትምህርት የጀመረው ዘግይቶ ስለሆነ ጢም ነበረው፣ ሚስትና ሁለት ልጆችም ነበሩት። አንድ ቀን አርፍዶ መጣና ወባ "ነገ ወላጅ ይዘህ ና!" አሉት። እሱም ኮፍያውን አውልቆ፣ "ጌታዬ፣ ወላጅስ እኔው ነኝ" አለ። ዲሬክተሩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየን እኛ ነን። ወባ እራሳቸውን ያዛቸው፣ አልን።

"ሳኒታሪያን" የምንለው ደግሞ አንድ ሱሪ ብቻ የነበረው ልጅ ነው። ሌሊት ከፍራሽ ሥር አድርጎ ይተኛበትና ጠዋት እንደ ቢላዋ ስለት ተተኩሶ ይወጣል። አቧራ እንዳይነካው ድንጋይ ለድንጋይ እየዘለለ ይሄዳል። ያን ጊዜ የጎንደር ጤና ኮሌጅ ሳኒታሪያን ያሠለጥን ስለነበር ስሙን ከዚያ አወጣንለት። ኋላም እውነተኛ ሳኒታሪያን ሆነ አሉኝ።

ሴቶቹ አምስት ነበሩ። ከእነሱ አንዷ በየዓመቱ አንደኛ ትወጣለች። ትምህርት የፎረፈ ሁሉ ደብተር የሚበደረው ከእሷ ስለሆነ "ባንክ" አልናት። ባንክነቷ የምር ነው፤ ለአንድ ሌሊት አንድ እርሳስ ወለድ ትቀበላለች። እሷ ግን ት/ቤት ከመምጣቷ በፊት ውኃ ትቀዳለች፣ እንጀራ ትጋግራለች። እኛ ይህን አናውቅም ነበር፤ ሲበዛ ትኮራለች ነበር የምንለው።

"ራዲዮ" ወሬ አያልፈውም። የፈተናውን ቀን ከዲሬክተሩ በፊት ያውቃል። እሱ አጠገቤ ነበር የሚቀመጠው። በመጀመሪያው ሳምንት ዳቦውን ከዓይኔ እየሸሸገ ይበላ ነበር፤ እኛን በዓይናቸው ይበላሉ የሚል ወሬ ስለነበር ማለት ነው። "ቡዳ" የሚለውን ቃል ከወላጆቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። "ፈላሻ" የሚለውንም እንደ ስድብ ነበር የምንሰማው። ሦስት ሳምንት ቆየና በሶዬን ቀመሰ። እኔ የእሱን ሥጋ አልበላም፣ እሱ ግን የእኔን ስንቅ ጨረሰው። በዓይን የሚበላውስ ማን እንደሆነ ታየ፣ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ወንድሜ ሆነ።

ለእኔ ስም ያወጣልኝም እሱ ነው። ቤቴ ከከተማው የአራት ሰዓት መንገድ ነው። ሰንበት ሳይገባ ለመድረስ አርብ ከስምንት ሰዓት በፊት መውጣት አለብኝ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት በየሳምንቱ ያመልጡኛል። ሰኞ ስመለስ ራዲዮ "አርብ መጣ!" ብሎ አወጀ። ስሜ አርብ ሆነ። ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሰው ካወጣልኝ ስም ሁሉ ሳልሸማቀቅ "አቤት" ያልኩት የመጀመሪያው ያ ነው።

ነገሩ ግን ቀልድ ብቻ አልነበረም። ወባ መዝገቡን አይተው አስጠሩኝ። ቀሪ የበዛበት ተማሪ ይሰረዛል። "ወይ ትምህርቱን ወይ አርቡን ምረጥ" አሉኝ። አባቴ ቢሰማ የትኛውን እንደሚመርጥልኝ አውቅ ነበር። ያዳኑኝ ነጥብ አምስት ናቸው። የአርብ የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ የእሳቸው ነበርና ዲሬክተሩ ቢሮ ገብተው፣ በአገራቸው እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀን እንዳለው፣ ያመለጠኝንም ሰኞ በእረፍት ሰዓት እንደሚያስተምሩኝ ተናገሩ። ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ከባንክ ደብተር እገለብጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ግማሽ ነጥብ የማይሰጡት ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ የሰኞ እረፍታቸውን ሰጡኝ።

በ1966 ዓ.ም. የካቲት ላይ በመላው አገሪቱ አስተማሪዎች ሥራ አቆሙ፣ ተማሪውም ተነሣ። አንድ ቀን ሰልፍ ወጥተን ፖሊስ ሲያባርረን ሮጠን ግቢ ገባን። ወባ ያቺን አለንጋ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ለፖሊሶቹም፣ "ይህ የለበሳችሁት የት/ቤታችን ዩኒፎርም አይደለም፤ ያለ ዩኒፎርም ማንም አይገባም" አሏቸው። ድምፃቸው እኛን የሚቆጡበት ድምፅ ነበር። ፖሊሶቹ ተመለሱ። ከዚያን ቀን በኋላ "ወባ" ስንላቸው በፍቅር ነው።

ንጉሡ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። በዚያው ዓመት "እድገት በኅብረት" በሚባለው ዘመቻ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና አስተማሪዎች፣ ወደ 60,000 ሰው ገደማ፣ ገበሬውን እንዲያስተምር ወደ ገጠር ተላከ። ክፍላችን በዚያው ተበተነ። እኔ የገበሬ ልጅ ገበሬ ላስተምር ሄድኩ! ሽማግሌዎቹ በእኛ ይስቁብን ነበር። "ወላጅ" ሲናገር ግን ቁጭ ብለው አዳመጡት፤ ጢም ነበረዋ።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ወሬ ማወቅ የሚያስገድል ጊዜ ሆነ። ራዲዮ በ1970 ዓ.ም. አንድ ሌሊት ከቤቱ ተወሰደ፤ አልተመለሰም። እናቱን ላለቅስ ሄጄ ዳቦ አቀረቡልኝ። በላሁላቸው።

እኔ በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፣ በሙሴ ዘመቻ እስራኤል ገባሁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ ጸሐፊ ስሜን ጠይቆኝ ለመጻፍ ከበደውና የዕብራይስጥ ስም ጻፈልኝ። እኔን አልጠየቀኝም። ብዙዎቻችን እንዲህ ሆነናል። ስሙ መጥፎ ስም አይደለም፣ ዛሬም በተኡዳት ዘሁት ላይ አለ፤ ብቻ ማንም ስቆ አላወጣልኝም።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 የሚበልጥ ወገናችን በአንድ ቀን ተኩል ሲገባ ከዘመዶቼ አንዱ የስልክ ቁጥር ይዞልኝ መጣ። ደወልኩ። ባንክ ነበረች፤ ጎንደር ውስጥ አስተማሪ ሆናለች። ስሜን ነገርኳት፣ አላወቀችኝም። አሮጌውን ስሜን ነገርኳት፣ እሱንም አጠራጠራት። "አርብ ነኝ" ስላት ጮኸች። ከዚያ፣ "እዚያስ ማን ይሉሃል?" አለችኝ። ነገርኳት። "ይኸ ለእኔ ይከብደኛል፤ እኔ አርብ ነው የምልህ" አለችና ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ለአባቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ስለ መንገዱ የምትጠይቁትን ጠይቁ። ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩበት፦ "ልጅ እያለህ ጓደኞችህ ማን ይሉህ ነበር?" በሉ። ት/ቤት ያልገባውም ቢሆን ከከብት ጠባቂ ጓደኞቹ ያገኘው ስም አይጠፋም። መጀመሪያ "ተወኝ እባክህ" ይላል። ቡና አፍሉለትና ትንሽ ጠብቁ።