የኮምፒውተር መረብ አቀማመጥ

የመረብ አቀማመጥ (ቶፖሎጂ) ኮምፒውተሮች እርስ በርስ የሚያያዙበት ቅርጽ ነው። ዋና ዋናዎቹ አራት ናቸው።

በመስመር (ባስ) አቀማመጥ ሁሉም አንድ ገመድ ይጋራሉ፤ ገመዱ ሲቆረጥ መረቡ ይቆማል። በ1965 ዓ.ም የተነደፈው ኢተርኔት በዚህ ጀመረ። በቀለበት አቀማመጥ መረጃው ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እየተላለፈ ይዞራል። በኮከብ አቀማመጥ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በራሱ ገመድ ከማዕከላዊ ስዊች ጋር ይያያዛል፤ አንድ ገመድ ቢበላሽ የሚቋረጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ስዊቹ ከተበላሸ ግን ሁሉም ይቋረጣሉ። በጥልፍልፍ (ሜሽ) አቀማመጥ አንዱ መንገድ ቢዘጋ መረጃው በሌላው ያልፋል፤ ወጪው ግን ከፍተኛ ነው።

ከኢትዮጵያ ቀደምት የኮምፒውተር መረቦች አንዱ ካዛንቺስ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ የነበረው ፓዲስኔት ነው። በ1980ዎቹ ዓ.ም ተጠቃሚዎች በሞደም ወደ ማዕከሉ እየደወሉ ኢሜይል ይለዋወጡ ነበር፤ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው መልእክትም ተጠራቅሞ በስልክ መስመር ይተላለፍ ነበር። የግንኙነቱ ቅርጽ ኮከብ ነበር፤ ሁሉም መልእክት በማዕከሉ ያልፋል። አገር አቀፍ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም ነው።

ዛሬ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ባሉ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃዎች የተለመደው የተደራረበ ኮከብ ነው፦ በየፎቁ ያሉ ስዊቾች ከአንድ ዋና ስዊች ጋር ይያያዛሉ።